አድራሻው የማይገኝ ባለሐቅ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የጎረቤትህን ሐቅ ብትነካ ማታ በሩን አንኳኩተህ «ወንድሜ፣ አፉ በለኝ» ትለዋለህ። የሥራ ባልደረባህን ብታስቀይም ነገ ቢሮ ታገኘዋለህ። ገንዘብ ያበደረህ ሰው ስልኩ እጅህ ላይ አለ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው አስብ። ፍሬቻ ሳታሳይ ረድፍ ስትቀይርበት ሞተሩ ተንገዳግዶ ለጥቂት የተረፈ፣ ክላክስ ሲያደርግብህ ደግሞ መስታወት አውርደህ የሰደብከው ሞተረኛ። ስሙን አታውቅም። ፊቱን በሄልሜት ውስጥ አላየኸውም። ታርጋውንም አልያዝክም። ሐቁ ግን አንተ ላይ ነው። የት ሄደህ ነው አፉ በለኝ የምትለው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሰው ነው። መኪና ለምትነዱ፣ ሞተር ለምትነዱ፣ በታክሲና በባጃጅ ለምትሳፈሩም ጭምር ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቂያማ ቀን ስለሚከስረው ሰው ያስተማሩትን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ሰውየው ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን አንዱን ሰድቧል፣ የሌላውን ገንዘብ በልቷል፣ ሌላውን መትቷል። መልካም ሥራው ለእነዚህ ሰዎች እየተከፋፈለ ያልቃል፤ ሲያልቅም የእነሱ ወንጀል እሱ ላይ ይጫናል። ይህን ሐዲስ ስንሰማ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሰፈር ሰው። ግን በቀን ውስጥ ከማናውቀው ሰው ጋር በጣም የምንቀራረበው የት ነው? መንገድ ላይ ነው። በአንድ ክንድ ርቀት፣ አንዱ የሌላውን ሕይወት በእጁ ይዞ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አጠገብ እናልፋለን። ከዚያ እንለያያለን። ከነዚያ ሰዎች ጋር ዳግም የምንገናኘው ምናልባት አላህ ፊት ብቻ ነው።

መንገድ ራሱ ሐቅ አለው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦችን ከመንገድ ዳር መቀመጥ እንዲጠነቀቁ ሲነግሯቸው፣ የምንነጋገርበት ሌላ ቦታ የለንም አሏቸው። እሳቸውም፣ እንግዲያውስ ለመንገድ ሐቁን ስጡ አሏቸው። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱ ሰውን ከማስቸገርና ከመጉዳት መታቀብ ነው። ሐዲሱን አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈውታል፤ በቡኻሪም በሙስሊምም ይገኛል። ልብ በሉ፣ ይህ የተነገረው መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰው ነው። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ይህን ያህል ኃላፊነት ካለበት፣ ከአንድ ቶን በላይ ብረት ይዞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውስ?

በሌላ ሐዲስ ደግሞ ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ድንጋይ ማንሳት ኢማን ከሆነ፣ ራስን የመንገድ ድንጋይ ማድረግ ምን ሊባል ነው?

የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳዩን በዝርዝር አይተውታል። የሐነፊ ዑለማዎች፣ በሕዝብ መንገድ ማለፍ ለሁሉም የተፈቀደ ነው፣ ነገር ግን ሊጠነቀቁት በሚቻል ነገር ሌላውን ባለመጉዳት ሁኔታ ነው ይላሉ። ይህ መርሕ እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በተዘጋጀው የኦቶማን የሕግ መድብል በመጀላ ውስጥም ገብቷል። ያኔ መንገዱን የሞሉት በቅሎ፣ ግመልና ጋሪ ነበሩ። መኪና ሲመጣ መርሑ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ብሩናይ ላይ ባደረገው 8ኛ ጉባኤ ስለ ትራፊክ አደጋ ውሳኔ ቁጥር 71ን አሳልፏል። በውሳኔው መሠረት፣ ሸሪዓን የማይቃረኑ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ «የትራፊክ ሕግ እኮ የመንግሥት ነው፣ የዲን ጉዳይ አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠመህ እንዲህ በለው። ቀይ መብራት ጥሰህ ስታልፍ፣ ትራፊክ ፖሊስ ባያይህም የሰው ሐቅ ነክተሃል፤ አላህም አይቶሃል።

የዐረፋው መንገድ

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመሰናበቻ ሐጃቸውን አደረጉ። ዐረፋ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ሙዝደሊፋ ተንቀሳቀሰ። ግመል በግመል ላይ የሚገፋበት፣ ሁሉም ቶሎ ለመድረስ የሚቸኩልበት ሰዓት ነበር። በዛሬ ቋንቋ ትልቅ የትራፊክ መጨናነቅ ነው።

ጃቢር (ረ.ዐ) እንደተረኩት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስዋእ የተባለችውን ግመላቸውን ልጓም አጥብቀው ከመሳባቸው የተነሳ ራሷ ኮርቻውን ሊነካ ተቃርቦ ነበር። በቀኝ እጃቸው እያመለከቱ ሕዝቡን ወደ እርጋታ ይጠሩ ነበር። አሸዋማ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ግን ግመሏ እንድትወጣ ልጓሙን ላላ ያደርጉላት ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደግሞ፣ ነቢዩ ከኋላቸው ግመል የመምታትና የመጮህ ድምፅ ሲሰሙ፣ በጎነት በመጣደፍ እንደማይገኝ ማስተማራቸውን ነግረውናል። ከኋላቸው ተፈናጠው የነበሩት ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ስለ አነዳዳቸው ተጠይቀው ሲመልሱ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ይሄዱ ነበር፣ ክፍተት ሲያገኙ ግን ፈጠን ያደርጉ ነበር ብለዋል።

ሱብሓነላህ! ሰሓቦች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት እንዳስተላለፉልን ሁሉ፣ በተጨናነቀ መንገድ እንዴት እንደነዱም አስተላልፈውልናል። ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የያዙት የራሳቸውን ልጓም ነው። ሌላውን «ተረጋጋ» ከማለታቸው በፊት ቀስዋእን አረጋጉ። እኛ ግን እግራችን ነዳጅ ላይ ሆኖ ሌላውን «ምን ያስቸኩለዋል?» እንላለን።

ሁለተኛ፣ ጉዞው ዒባዳ መሆኑ ለመጋፋት ምክንያት አልሆነም።

ሦስተኛ፣ ክፍተት ሲገኝ ፈጠን ይሉ ነበር። ቀርፋፋነት በራሱ ተቅዋ አይደለም። ነገር ግን ክፍተቱን ሰው ገፍተው አልፈጠሩትም። አላህ የከፈተልህን ክፍተት መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ቦታ ነጥቆ ክፍተት መፍጠር ሌላ ነው።

ሁለቱም እውነት አላቸው

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሾፌሮችን ስለ ሞተረኛ ጠይቋቸው። «በቀኝም በግራም ይመጣል፣ ስፖኪዮ ገጭቶ ዞር ሳይል ይሄዳል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል፣ መንገድ ሲዘጋበት እግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ሞተረኛውን ደግሞ ጠይቁት። «እኔ ያለሁበትን ረድፍ እንደ ባዶ ቦታ ይቆጥሩታል፣ ሳያመለክቱ ይታጠፉብኛል፣ ታክሲው ሰው ለማውረድ ድንገት ጥግ ይይዛል፣ የቆመ መኪና በር ይከፈትብኛል» ይላል። እሱም እውነቱን ነው።

በዚህ ላይ መጥፎ ጥርጣሬ ተጨምሯል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማንቀሳቀስ ሲከለከል፣ አንዱ ምክንያት በሞተር ታግዞ የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ስጋቱ መሠረት ነበረው። ነገር ግን ዛሬም ሞተረኛ አጠገቡ ሲቆም በጥላቻ የሚያይ፣ መንገድ ላለመስጠት ሆን ብሎ የሚያጠብበት ሾፌር አለ። ያ ልጅ ምናልባት የሰው ምሳ ሳይቀዘቅዝ ለማድረስ የሚሮጥ የቤተሰቡ ብቸኛ ጧሪ ይሆናል። ሞተረኛውም በበኩሉ መኪና የያዘን ሁሉ እንደ ጥጋበኛ ያያል። ያ «ጥጋበኛ» ምናልባት የመኪናውን ዕዳ ለመክፈል ከሌሊት ጀምሮ መሪ ላይ የዋለ የታክሲ ሠራተኛ ነው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘዘን ፊታችን ለተሸፈነብን ሰውም ጭምር ነው።

መሪ ለያዝከው ወንድሜ፣ ለያዝሽው እህቴ

ከሞተር ጋር ተጋጭቶ «ወላሂ አላየሁትም» የሚል ሾፌር ብዙ ጊዜ አይዋሽም። አይቷል፣ ግን አላስተዋለም። ዓይናችን መንገድ ላይ የሚፈልገው መኪናን ነው፤ ሞተር ደግሞ ቀጭን ነው። ከፊት ለፊት ሲመጣ ትንሽ ስለሚመስል፣ ካለበት የራቀና ከሚሄድበት ፍጥነት የዘገየ ይመስለናል። «እስኪደርስ እታጠፋለሁ» ብለን ወደ ግራ ስንታጠፍ ደርሶ እናገኘዋለን። ደግሞም ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው የመኪናው ምሰሶ አንድን ሞተር ከነሰውየው ሊጋርድ ይችላል። ስፖኪዮም የማያሳየው ቦታ አለ።

ይህን ካወቅን በኋላ «አላየሁትም» ማለት ሙሉ ዑዝር አይሆንም። ፊቅሁ ምን ይላል? ሊጠነቀቁት በሚቻል ነገር አለመጉዳት። ስለዚህ መጠንቀቂያውን እንወቅ።

ስትታጠፍ ሁለት ጊዜ ተመልከት፤ ሁለተኛው ለሞተር ነው። ረድፍ ከመቀየርህ በፊት ፍሬቻ አሳይ፣ ስፖኪዮ ተመልከት፣ ከዚያ አንገትህን ዞር አድርገህ በትከሻህ በኩል እይ። ፍሬቻ ማለት «ልገባ ነው፣ ፍቀድልኝ» ማለት ነው፤ ከገባህ በኋላ የሚበራ ፍሬቻ ትርጉም የለውም። ጥግ ይዘህ ከመኪና ስትወርድ በግራህ ያለውን በር በቀኝ እጅህ ክፈት። እንዲህ ስታደርግ ሰውነትህ ራሱ ወደ ኋላ ዞሮ ያሳይሃል። የተሳፈራችሁም ብትሆኑ የበሩ ሐቅ የእናንተ ነው። «ወራጅ አለ» ብላችሁ መሀል መንገድ ላይ ስታስቆሙ ከኋላ ያለውን ሞተር አስቡት።

ሞተር ላይ ለተቀመጥከው ወንድሜ

አንተ ጋሻ የለህም። የመኪና ጥፋት ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ያልቃል፤ ያንተ ግን በአጥንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። ከነዚህ ውስጥ 21 በመቶ የሚሆኑት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ደግሞ ከበሽታው ሁሉ የበለጠ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። ይህ የእናንተ ዕድሜ ነው።

ሄልሜት የሞትን አደጋ ወደ 40 በመቶ፣ ከባድ የራስ ጉዳትን ወደ 70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ኮፍያ ነው፤ ስትወድቅ ቀድሞህ ይሄዳል። ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ትራፊክ ሲታይ ራስ ላይ የሚወጣ ሄልሜትም አለ። ወንድሜ፣ ራስህን የሰጠህ ትራፊክ ፖሊሱ አይደለም። ግመሉን ልልቀቀውና በአላህ ልመካ ወይስ ልሰረው ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን ትምህርት ታስታውሳለህ፦ መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ መመካት። ያንተ ማሰሪያ አገጭህ ሥር ነው።

በመኪኖች መሀል መሽሎክሎክ ጊዜ የሚያስገኝ ይመስላል። ነገር ግን አንተ ልታልፍበት ያሰብከው ቦታ፣ ሾፌሩ ረድፍ ሊቀይርበት ያሰበው ቦታ ነው። ከትልቅ የጭነት መኪና ጎን፣ በተለይ በቀኙ በኩል አትቁም። የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየህ እሱም አንተን አያይህም። ቀንም ቢሆን መብራትህን አብራ። እየነዳህ ስልክ አትመልከት። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ፤ ሦስት ሰከንድ ስልክ ካየህ 50 ሜትር በጨለማ ነድተሃል።

እዚህ ላይ ምግብና ዕቃ በሞተር የምናስመጣ ሰዎችም እንጠየቃለን። «የት ደረስክ?» ብለን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አራቴ የምንደውልለት ልጅ፣ የሚያነሳው እየነዳ ነው። ዘግይቶ ሲመጣ የምንጮህበት ከሆነ፣ ነገ ቀይ መብራት የሚጥሰው እኛን ፈርቶ ነው። ከጥፋቱ ድርሻ አለን። አንድ ጊዜ ደውሎ «ቀስ ብለህ ና፣ አልቸኮልኩም» ማለት ሶደቃ ነው።

እህቶቼም ሆይ፣ በሞተርም ሆነ በባጃጅ ስትሳፈሩ የጅልባባችሁንና የሻርፓችሁን ጫፍ ሰብስባችሁ ያዙ። ጎማ ወይም ሰንሰለት ውስጥ ከገባ አንገት ይዞ ይጎትታል።

በፈጣን መንገድ ላይ ግራው የማን ነው?

የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በአንድ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ አለው። የእንዲህ ዓይነት መንገድ ሥርዓት ቀላል ነው። መሄጃው ቀኙ ነው፣ ግራው መቅደሚያ ነው። ቀድመህ ስትጨርስ ወደ ቀኝ ትመለሳለህ።

እዚህ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። አንዱ ሰው ግራውን ይዞ ይንሸራሸራል። ከኋላው ቢሰለፉም «የፍጥነት ወሰኑን እየሄድኩ ነው፣ ምን አገባቸው» ይላል። ይህ የጋራ የሆነን ቦታ ለብቻ መያዝ ነው። ሌሎቹ ትዕግሥት ሲያልቅባቸው በቀኝ ይቀድሙታል፤ በቀኝ የነበረው ሞተር ወይም አነስተኛ መኪና መሀል ይገባል። ሁለተኛው ሰው ከኋላ መጥቶ ሦስት ሜትር ላይ ተለጥፎ ረጅም መብራት ያበራል፣ ክላክስ ያደርጋል። ይህ ደግሞ ማስፈራራት ነው። ሙስሊም ሙስሊምን ማስፈራራት እንደማይፈቀድለት የሚያስተምረውን ሐዲስ አቡ ዳውድ ዘግበውታል፤ ከፊትህ ያለው ሌላ እምነት ቢኖረውም ያለ ሐቅ ልታስፈራራው አይፈቀድልህም።

በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰከንድ 28 ሜትር ነው። ከፊትህ ያለው በሦስት ሜትር ቢቀድምህ፣ እሱ ፍሬን ሲይዝ አንተ እግርህን ሳታነሳ ገጭተኸዋል። ሦስት ሰከንድ ያህል ርቀት ጠብቅ፤ ከፊትህ ያለው ሞተር ከሆነ ጨምርለት። የምታተርፈውን ጊዜ ደግሞ አስላው። 10 ኪሎ ሜትር በ60 ስትሄድ 10 ደቂቃ፣ በ80 ስትሄድ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ትርፍህ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። የግጭቱ ኃይል ግን ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል።

ቁጣ ሲመጣ

በሱረቱል ፉርቃን 63ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ስለ ምርጥ ባሮቹ ሲናገር በመጀመሪያ ያነሳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በምድር ላይ በትሕትና መሄዳቸው፣ ሁለተኛው መሃይማን ክፉ ሲናገሯቸው በሰላም ቃል መመለሳቸው ነው። አካሄድና ስድብ በአንድ አንቀጽ መጡ። መንገድ ላይ የሚፈትነን ይኸው አይደል?

ሲሰድብህ መልስ አትስጥ። ሊያስቆምህ ቢፈልግ አትውረድ። ቀድሞህ ገብቶ ፍሬን ቢያስይዝህ ተከትለህ «ልታሳየው» አትሞክር። አዑዙ ቢላህ በል፣ መንገድ ልቀቅለት። ኃያሉ ሰው በትግል የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ መሆኑን የተማርነው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ያጠፋኸው አንተ ከሆንክ ደግሞ እጅህን አንሳና «ይቅርታ» በል። አንዲት የእጅ ምልክት ናት። ግን አስታውስ፣ ይህን ሰው አፉ በለኝ የምትልበት ጊዜ ያለህ አሁን ብቻ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ባለሐቅህ ይሄዳል።

አደጋ ከደረሰ

አላህ ይጠብቀን። ከደረሰ ግን ገጭቶ መሸሽ ከአደጋው የባሰ ወንጀል ነው። ቁም። ሌላ መኪና እንዳይደርስበት መንገዱን አስጠንቅቅ። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውል። የተጎዳውን ሰው ሌላ አደጋ ካላሰጋ በስተቀር አትጎትተው፣ ሙያው ከሌለህም ሄልሜቱን አትንቀልለት።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የማናስበው ነገር አለ። በስህተት የሰው ነፍስ ማጥፋት በዲናችን «ሳይታሰብ ሆነ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። የሱረቱን ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ እንደሚያስተምረው ለቤተሰቡ የደም ካሳ፣ ለአላህ ደግሞ ከፋራ አለ። በዛሬ ዘመን ከፋራው ሁለት ወር ሳያቋርጡ መጾም ነው። ከላይ የጠቀስነው የፊቅህ አካዳሚ ውሳኔም፣ ሾፌሩና ተጎጂው ጥፋቱን ከተጋሩ እያንዳንዱ የየድርሻውን እንደሚሸከም ይገልጻል። ሾፌሩ ምንም ጥፋት የሌለበት ሁኔታም አለ። ዝርዝሩ ከጉዳይ ጉዳይ ስለሚለያይ፣ የደረሰበት ሰው ዓሊም ይጠይቅ፤ ለራሱ ፈትዋ አይስጥ።

«የአላህ ቀደር ነው» የሚለውን ቃልም በቦታው እናድርገው። የሟች እናት ስትለው ሰብር ነው፤ አጅር ታገኝበታለች። በስልክ እያወራ የነዳው ሰው ሲለው ግን ከጥፋቱ መሸሸጊያ ነው። ቀደር ለመከራ መጽናኛ ነው፤ ለጥፋት ጠበቃ አይደለም።

ዛሬ ጁሙዓ ነው

ኹጥባ ሊያመልጠን ነው ብለን ስንት ሰው ገፍተን እንደምናልፍ አላህ ያውቃል። በሱረቱል ጁሙዓ ወደ አላህ ዚክር እንድንገሰግስ መታዘዛችን በእግር መሮጥ ማለት እንዳልሆነ፣ በልብና በኒያ ተነሳስቶ መሄድ እንደሆነ ብዙ ሙፈሲሮች አብራርተዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ኢቃማ ብንሰማ እንኳ ወደ ሶላት በእርጋታ እንድንሄድ፣ የደረስንበትን እንድንሰግድ፣ ያመለጠንን እንድናሟላ አዘዋል። ለእግረኛው እንዲህ ከተባለ፣ ለሞተረኛውና ለሾፌሩማ እንዴት አይባል? መፍትሔው ቀድሞ መውጣት ነው። ቀድሞ ለሚሄድም ልዩ አጅር አለው።

መስጂድ በር ላይ መኪና ደርበን አቁመን መንገድ የምንዘጋውስ? ውስጥ ሱጁድ ላይ እያለን ውጭ አምቡላንስ ቢመጣ፣ ታማሚ የያዘ ሰው ቢታገድ፣ ሶላታችን ከነማን ሐቅ ጋር ወደ አላህ ይወጣል? አሥር ደቂቃ ርቃችሁ አቁሙና በእግር ኑ። እያንዳንዱ እርምጃ ይጻፍላችኋል።

ከዛሬ ጀምሮ

ላለፈው፦ የማታውቁትን ሰው ሰድባችሁ ወይም አስደንግጣችሁ ከሆነ፣ ወደ አላህ ተውበት አድርጉ፤ ለዚያ ሰው ዱዓእና ኢስቲግፋር አድርጉለት። ስፖኪዮ ገጭታችሁ ሄዳችሁ ባለቤቱን ፈልጋችሁ ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ግምቱን በእሱ ስም ሶደቃ ስጡ። ዑለማዎች ባለቤቱ ለማይገኝ ሐቅ ያመለከቱት መንገድ ይህ ነው።

ለሚመጣው፦ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የመሳፈሪያውን ዱዓእ አድርጉ። ያ ዱዓእ የተቀመጥንበትን ያገራልን አላህ መሆኑንና መመለሻችን ወደ እሱ መሆኑን ያስታውሰናል። ዱዓውን ብሎ ወዲያው ሰው መጋፋት አይገጥምም። ከዚያ በእያንዳንዱ ጉዞ ቢያንስ ለአንድ ሰው ሐቅህ የሆነውን ቅድሚያ ልቀቅለት። ለአንድ ሞተረኛ ቦታ ስጠው። ሞተረኛውም ቦታ ሲሰጥህ እጅህን አንስተህ አመስግን። በዱንያ ላይ ምናልባት ዳግም አታገኘውም። በአኺራ ስትገናኙ ግን ከሳሽህ ሳይሆን መስካሪህ ይሁን።

አላህ ሆይ፣ መንገዳችንን ሰላም አድርግልን። እጃችንንና ምላሳችንን ከሰው ሐቅ ጠብቅልን። በመንገድ የሞቱብንን ማራቸው፣ የተጎዱትን አሽርልን፣ የወጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንን ወደ ቤታቸው በሰላም መልስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ሱረቱል ከህፍንና ሰለዋትን አንርሳ። ይህን ትምህርት መሪ ለሚይዝ ወንድማችሁ አድርሱለት፤ እየነዳ እንዳያነበው ግን አደራ።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።